እጅሽን ሳጥኑ ላይ አድርጊ

የጋሽ ሰይድን ሞት የነገረኝ ባለባጃጁ ዓለሙ ነው። ወፍጮው ቆሞ፣ በርበሬዬን በኬሻ ይዤ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተራ እየጠበቅኩ ነበር። ዓለሙ ባጃጁን መሀል መንገድ ላይ ትቶ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወርዶ መጣ። እሱን የማውቀው ሲቀልድ ነው። ባገኘኝ ቁጥር «እትዬ የሺ፣ በርበሬሽ ትናንት ባለቤቴን አስለቀሰልኝ፣ እግዜር ይስጥሽ» ሳይለኝ አያልፍም። ያን ዕለት ግን ከንፈሩ ደርቋል።

«እትዬ የሺ፣ ጋሽ ሰይድ…» አለና ቆመ።

«ምን ሆኑ?»

«ከከተማው መውጫ ላይ፣ በደምበጫ በኩል። የተሳፈሩበት ሚኒባስ…»

ሚኒባሱ ላይ ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ የሚናገር የለም። የሚያውቅም ካለ ዝም ብሏል። ያኔ እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ከግማሽ ሰዓት በፊት የሆነ ነገር። እሱን መጻፍ ከብዶኝ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ የቆየሁት። ዛሬም ከመጨረሻው መጀመር ስለማልችል ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ነበር ይባላል። እኔ ጋሽ ሰይድን አንድ ወር ሙሉ ጠልቻቸው አውቃለሁ። ይሄንንም አልደብቅም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፊደል የሳትኩበትን ልጄ መቅደስ ታርምልኛለች፤ ነገሩን ግን እንዳታርምብኝ ነግሬያታለሁ።

ሱቃችን ጎን ለጎን ነበር፣ ደብረ ማርቆስ ገበያው ውስጥ። በእኔ በኩል በርበሬና ሽሮ፣ በእሳቸው በኩል የተበተነ ሬዲዮ፣ የተከፈተ ቴሌቪዥን፣ ሆድ ዕቃው የወጣ ሞንታርቦ። በርበሬዬን ስነፋ ያስነጥሱና «አንቺ የሺ፣ ዛሬም ልትገድይኝ ነው?» ይሉኛል። እኔም «እርስዎማ ሺህ ዓመት ይኖራሉ» እላቸዋለሁ። እንዲህ ነበር የምንውለው።

ነጭ ኮፍያቸው ከራሳቸው አይወርድም። ሰማያዊ ጋዋን ይለብሳሉ፣ ከደረት ኪሱ ሁለት ካቻቢቴ ብቅ ይላል። ግራ ጆሯቸው አይሰማም። በወጣትነታቸው የናፍጣ ወፍጮ ሲያስነሱ ሲያጠፉ ኖረው፣ ወፍጮው ነው የበላባቸው። ጆሮው የማይሰማ ሰው የድምፅ ዕቃ ጠጋኝ መሆኑ አዲስ ሰው ያስቀዋል። እሳቸው ግን የሚሰሙት በእጃቸው ነው። ማንኛውንም የሚጮህ ነገር ሲከፍቱ «ቢስሚላህ» ብለው መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ ያሳርፉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ባለዕቃው አጠገባቸው ቆሞ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይንኮሻኮሽ ነበር፣ ከዚያ…» እያለ ሲያስረዳ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣

«አንተ ዝም በል፣ እሱ ይናገር» ይሉታል።

የመስጊዱንም የቤተ ክርስቲያኑንም ድምፅ ማጉያ የሚጠግኑት እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን አንድ ቄስ እየተቆጡ መጡ።

«ሰይድ፣ የእኛን ሞንታርቦ ምን አድርገህ ነው የመለስከው? ሰው ሁሉ ቅዳሴ ቀረ እኮ!»

«አባ፣ የእኛን አዛን እንዳትሸፍንብኝ ትንሽ ቀነስኳት።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር!» አሉ ቄሱ፤ ከዚያ ሁለቱም እየተሳሳቁ ሻይ ሊጠጡ አብረው ወጡ። ሲመለሱ ጋሽ ሰይድ ሞንታርቦውን ፈትተው የተበጠሰውን ሽቦ አሳዩዋቸው። ቀልዳቸው እንዲያ ነው፤ ሥራቸው ላይ ግን ቀልድ አያውቁም።

መቅደስ ቤዝ ጊታር የሚባለውን ነው የምትጫወተው። አራት ወፋፍራም ክር አለው። የሌሎቹ ጊታር ይዘፍናል፣ የእሷ ከሥር ሆኖ ያጉረመርማል። ከአራት ልጆች ጋር ሆና ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ትጫወታለች። እኔ በበኩሌ ሮክ የሚሉትን ስሰማ ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣራ የሚደበድበው በረዶ ነው ትዝ የሚለኝ። ቢሆንም ልጄ ስትጫወት ፊቷን አይ ነበር። ጊታሩን ስትይዝ ፊቷ ይፈታል። አለበለዚያ ያ ፊት ከተቋጠረ ቆይቷል።

የተቋጠረው ወንድሟ ከወጣ ጀምሮ ነው። ደሳለኝ የበኩር ልጄ ነው። አንድ ጠዋት «መጣሁ» ብሎ ወጣ። ጫማውን አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ በር ላይ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። በዚያው ቀረ። ሞቷል የሚለኝ የለም፣ አለ የሚለኝም የለም። ለቅሶ አልተቀመጥኩለትም። ጥቁርም አልለበስኩም፤ ነጭም አያምረኝም።

ከዚያ በኋላ የቀረችኝ መቅደስ ብቻ ናት። ስልኳ ሳይነሳ ከቀረ ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤት እሮጣለሁ። ደጅ ላይ የሰው ኮቴ ከበዛ በሩን እቀረቅራለሁ። ሩቅ ቦታ ድም ሲል፣ መቁጠሪያዬን ይዤ አልጋው ሥር ነኝ። ምኞቴ አንድ ነበር፦ ይቺ ልጅ እንዳትታይ፣ ስሟ እንዳይነሳ፣ ድምጿ ከቤታችን አጥር እንዳያልፍ። እሷ ደግሞ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ልትቆም ተነሳች።

የከተማው አዳራሽ ውስጥ እንዲጫወቱ ተጠርተው ነበር። እስከዚያ ድረስ መቅደስ የቤዙን ገመድ የምትሰካው በጓደኛዋ የጊታር አምፕሊፋየር ላይ ነበር። ስፒከሩ ተቀደደና ጋሽ ሰይድ ዘንድ መጣ። መዳፋቸውን አሳረፉበት፣ ከዚያ ልጄን ቀና ብለው አዩዋት።

«ይሄ ለቀጭኑ ጊታር የተሠራ ነው። አንቺ ወፍራሙን ጨምረሽ ጉሮሮውን ቀደድሽው። ለራሱ ለቤዝ የተሠራ ያስፈልግሻል።»

«ከየት ይገኛል ጋሼ?»

«ሁለት አውቃለሁ» አሉ።

አንዱ ትንሽ ነው፣ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ የተመለሰ ተማሪ የተወው። ሌላው ትልቅ ነው፣ የሙዚቃ አዳራሹን ከዘጋ አንድ ሆቴል የወጣ። የሚጨፍር ሰው ከጠፋ ወዲህ ሆቴሉ ዕቃውን እየሸጠ ነበር። ጋሽ ሰይድ ሁለቱንም ለሙከራ አስመጥተው ሱቃቸው ውስጥ ጎን ለጎን አስቀመጡ።

በሙከራው ዋዜማ፣ መቅደስ ሳትመጣ፣ ብቻዬን ገባሁ። ሰው እንዳይሰማኝ ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። በደህናው ጆሯቸው በኩል ነበር የቆምኩት።

«ጋሽ ሰይድ፣ እባክዎ ትንሹን ይምረጡላት።»

«ትንሹ ለአዳራሽ አይሆንም።»

«እሱንማ አውቄ ነው።»

ሊድ የሚያቀልጡበትን የጋለ ብረት አስቀመጡ። «አልገባኝም።»

«አያምርላትም። ድምጿ አይወጣም። ሰው ይስቅባታል። ያኔ ተናዳ ትተወዋለች፣ ቤቷ ትቀመጣለች።»

«ልጅሽ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት እንዲሳቅባት ነው የምትለምኚኝ?»

«በሕይወት ትኑርልኝ እንጂ ይሳቁባት!» አልኩ። ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ከማዶ ያለው ባለሱቅ ዞር አለ።

ጋሽ ሰይድ የማይወዱትን ሲሰሙ ያገኙት ዕቃ ላይ ያለውን አቧራ በአፋቸው ይነፋሉ። ያን ቀን ትልቁን ሳጥን ከዳር እስከ ዳር ነፉት። ዝም ማለታቸውን እሺ እንደማለት ቆጥሬ ወጣሁ።

በማግሥቱ መቅደስ ድራም ከሚመታው ልጅ ጋር መጣች። እኔም ሱቄን ትቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ጋሽ ሰይድ የሁለቱንም ሳጥን የፊት ወንፊት ፈትተው በጀርባቸው አስተኟቸው፤ ስፒከሮቹ ወደ ጣራው አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ጤፍ አወጡ። ልጆቹ ተያዩ።

«ጋሼ፣ ሊዘሩ ነው እንዴ?» አለ ድራም መቺው።

«አዎ። ለአንተ እንጀራ ይብቀልልህ ብዬ ነው።»

ጥቁሩ የስፒከር ወረቀት ላይ ጤፉን በተኑት። ድምፁን እጅ ብቻ እስኪያውቀው ድረስ ዝቅ አድርገው መቅደስን «ወፍራሙን ክር ምቺ» አሏት። በትንሹ ጤፉ ወዲያና ወዲህ ዘለለ፣ አንድ ጥግ ላይ ተከማቸ፣ ከሥሩ እንደ ዝንብ ጥዝዝ የሚል ነገር ተሰማ። በትልቁ ግን ጤፉ ካለበት ተነሣና ቀስ እያለ ክብ ሠራ። አንድም ፍሬ ከሜዳው አልወጣም። ጋሽ ሰይድ ጎንበስ ብለው በአፍንጫቸው አሸተቱት፤ ሽቦው ተቃጥሎ የሚያውቅ ከሆነ ይሸታል አሉ። አልሸተተም።

«አሁን አንተ» አሉት ድራም መቺውን፣ «ያን ጀሪካን አንሳና እንደ ልብህ ደብድበው። መቅደስ፣ አንቺ በትንሹ ተጫወቺ።»

ልጁ ጀሪካኑን ሲደበድብ የልጄ ድምፅ ጠፋ። ጣቷ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅ ግን የለም።

«አየሽ?» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ትንሹ ዕቃ መጥፎ አይደለም፤ ለመኝታ ቤት ጥሩ ነው። ሰው መሀል ስትገቢ ግን የለሽም።»

የለሽም። እኔ ለልጄ የምመኝላት ይሄንኑ ነበር። «ትንሹ ይበቃታል» አልኩ ከበሩ ላይ። «ቀላል ነው። ትልቁን ማን ይሸከማል?»

ጋሽ ሰይድ ዞር ብለው አዩኝና ወደ መቅደስ ተመለሱ። እንዲህ አሉ፤ እስከ ዛሬ ቃላቸው ጆሮዬ ላይ ነው።

«እናትሽ ትናንት መጥታ ትንሹን ምረጥላት ብላኛለች። ለምን እንደሆነ እሷው ትንገርሽ። የእኔ ሥራ ዕቃ መምረጥ ነው፤ በእናትና በልጅ መሀል አልመርጥም።»

መሬት ብትከፈት በገባሁ። በሰው ልጅ ፊት፣ በዚያ ጀሪካን በያዘ ልጅ ፊት። መቅደስ አየችኝ።

«እማዬ፣ እውነት ነው?»

«ለወንድምሽ ጫማውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። «ላንቺም አምፕሊፋየር አላቀብልም።»

ክሩን በመዳፏ ይዛዋለች፣ እንዳይጮህ። ከዚያ ሳትቆጣ፣ «እማዬ፣ ዴሳ መቼ ድምፅ አሰምቶ ያውቃል?» አለችኝ። «ቤት ውስጥ መኖሩን የምናውቀው ሲያስል አልነበረም? ዝም ብሎ ኖረ፣ ዝም ብሎ ወጣ። ምን ጠቀመው?»

ወደ በርበሬዬ ተመለስኩ።

እነሱ ቀጠሉ። ዓለሙ ተጠርቶ መጣ፣ ትልቁን ሳጥን ባጃጁ የኋላ ወንበር ላይ ጫኑት፤ ልክክ አለ። ጋሽ ሰይድ «ባጃጅ ውስጥ ካልገባ አይገዛም ብዬ ነበር» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ዓለሙም «ጋሼ፣ ከዚህ የሚከብዱ ባለሥልጣን ጭኜ አውቃለሁ» ሲል ተሳሳቁ። ቀጥሎ ከጎረቤት ሱቅ ቀይ የጥፍር ቀለም ተውሰው ድምፅ መጨመሪያው ዙሪያ ሁለት ነጥብ አደረጉ። የመጀመሪያው ለቤት፣ ሁለተኛው ለአዳራሽ። «ሁለተኛውን ካለፍሽ እኔን አታውቂኝም» አሏት። መብራት ከፍ ዝቅ ስለሚል ያለ ስታብላይዘር እንዳትሰካው አስጠነቀቋት። ሁሉንም ሰምቻለሁ። በርበሬ የምነፋ መስዬ ነው የሰማሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወር ሙሉ አላናገርኳቸውም። ሲያስነጥሱ ዝም። «አንቺ የሺ፣ ዛሬም ልትገድይኝ ነው?» ሲሉ ዝም። እሳቸው ግን አንድም ቀን ሳይሉኝ አልቀሩም። ምስጢሬን ሸጡብኝ ነበር የምለው። አሁን ሳስበው ምስጢር አልነበረም፤ ልጄን ከኋላዋ ሆኜ ልጥላት ነበር፣ እሳቸው ፊት ለፊቷ አዞሩኝ።

የአዳራሹ ቀን ደረሰ። ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ መግባት ስላለበት ዝግጅቱ የተጀመረው ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። አልሄድም ብዬ ነበር። እግሬ ወሰደኝ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ቶሎ ለመውጣት። ጋሽ ሰይድ መድረኩ ላይ ከሳጥኑ ጎን በርጩማ አድርገው ተቀምጠዋል፣ ኮፍያቸው ነጭ ብሎ ከሩቅ ይታያል።

አዳራሹ ሲሚንቶ ወለል፣ ቆርቆሮ ጣራ ነው። ልጆቹ ቆሙ። መቅደስ መሀል ላይ ናት፣ ቀሚሷ የእኔ ነጠላ የሚያህል ሰፊ ነው። እጇን አነሣችና መታች።

ድም!

ወለሉ ከእግሬ ሥር ተነሣ። ቆርቆሮው ተንቀጫቀጨ። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ዘለለ። ከዚያ ዓይኔን ስገልጥ አዳራሹ ውስጥ የቆመ ሰው የለም። ሁሉም ወለል ላይ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን በሆዳቸው ሸፍነዋል፣ ጎረምሶች አግዳሚ ሥር ገብተዋል። አንድም ሰው አልጮኸም። ከዚህ በፊት ስለለመድነው፣ እንዴት እንደሚተኛ ሁላችንም እናውቃለን። እኔም አግዳሚው ሥር ነበርኩ፣ ፊቴ ከማላውቀው ሰው ጫማ ጋር ተጣብቆ።

መቅደስ መድረኩ ላይ ደርቃ ቀረች። ጊታሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። ፊቷን ከወንበሩ ሥር ሆኜ አየሁት፤ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ፊት ነበር።

ጋሽ ሰይድ ተነሡ። ማይክ አልያዙም።

«ወገኖቼ፣ ይሄ ጊታር ነው» አሉ። «የዚች ልጅ ጊታር ነው፣ ሌላ አይደለም። ተነሡ።»

ማንም አልተነሣም። ጠበቁ። መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ አሳረፉና ወደ ኋላ አሻግረው አዩ።

«የሺ! አንቺ የሺ! እዚህ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ነይ።»

ወር ሙሉ ያላናገርኳቸው ሰው! እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። የተኛውን ሰው እየተራመድኩ፣ ነጠላዬን እየጎተትኩ መድረኩ ድረስ ሄድኩ። እጄን ያዙና ሳጥኑ ላይ አስቀመጡት። ድምፅ መጨመሪያውን ከመጀመሪያው ቀይ ነጥብ በታች አወረዱት።

«መቅደስ፣ ያንኑ ክር። ቀስ ብለሽ።»

መታች። ሳጥኑ ከመዳፌ ሥር እንደ ትልቅ እንስሳ ሆድ ተንፈራገጠ። እንደ ላም ሆድ፣ ጥጃዋ ውስጡ ሲዞር።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ይንቀጠቀጣል።»

«ማን ናት?»

«ልጄ ናት።»

«እኔ በግራ ጆሮዬ አልሰማም። ጮክ ብለሽ ንገሪን።»

«ልጄ ናት!» አልኩ። ድምፄ ጣራው ላይ ደርሶ ተመለሰ። «አትፍሩ፣ ልጄ ናት!»

መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ተነሡ፣ ነጠላቸውን እያራገፉ፣ «ኧረ ይቺን የመሰለች ልጅ ናት እንዲህ ያስበረገገችን?» አሉ። ሰው ሳቀ። ከዚያ አንድ በአንድ ተነሣ። መቅደስ ያንኑ አንድ ክር ደጋግማ ትመታለች፣ ጋሽ ሰይድ ድምፁን በጥቂት በጥቂቱ ያሳድጋሉ፣ ሰው እስኪለምደው። ሁለተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ ድራሙ ገባ። የልጄ ድምፅ አልጠፋም። ከሁሉም ሥር ሆኖ ሁሉንም ተሸክሞ ነበር።

ስንወጣ ጋሽ ሰይድ አንድ ነገር አሉኝ። «የሺ፣ ከዚህ በኋላ ስትፈሪ በጆሮሽ አትመኚ። የአንቺ ጆሮ ፈርቶ ፈርቶ አብቅቶለታል፣ እንደኔው ግራ ጆሮ። እጅሽን ሳጥኑ ላይ አድርጊ። ከተንቀጠቀጠ የእኛ ነው።»

ከእነዚያ ወራት ሌላ ደግ ጊዜ አላስታውስም። ቤታችን ከገበያው ጀርባ ነው። መቅደስ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ትለማመዳለች፤ ድምፁ በመሬት ውስጥ ለውስጥ መጥቶ ሱቄ ድረስ ይሰማል። ጋሽ ሰይድ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው «ተነሥታለች» ይሉኛል። እኔም «ተነሥታለች» እላለሁ። ድም ባለ ቁጥር ልጄ በሕይወት አለች ማለት ነበር። ስንት ዘመን ያስበረገገኝ ድምፅ እንደ ልጅ ትንፋሽ ሆነልኝ። ከአልጋ ሥር ወጣሁ። ይሄንን ያደረጉልኝ እሳቸው ናቸው። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝም።

የሞቱ ዕለት ጠዋት ሱቃቸውን እየዘጉ «ደምበጫ ደርሼ ልምጣ» አሉኝ። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሞንታርቦ ተበላሽቶ ኖሯል። መንገዱ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ሰው እየሄደበት ነው» አሉ። «ሱቁን አደራ። ለአስር ሰዓት እደርሳለሁ።» አስነጠሱ፣ «አንቺ የሺ…» ብለው ሳይጨርሱት ሄዱ።

እኔ በርበሬዬን ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ሰልፍ ነበር። አራት ሰዓት ገደማ ከወደ መውጫው በኩል ድም አለ። ደግሞ ድም። ሦስተኛም።

ሰው ኬሻውን ጥሎ መሮጥ ጀመረ። እኔ አልሮጥኩም። ፈገግ አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ፈገግ አልኩ። ተነሥታለች ብዬ ነው። ብድግ አልኩና እጄን እያወዛወዝኩ፣

«አትሩጡ! ምንም አይደለም፣ ልጄ ናት! ጊታር ነው፣ ልጄ ናት!» አልኳቸው።

አመኑኝ። አዳራሽ ውስጥ የነበረች አንዲት ሴት «አዎ፣ የእሷ ልጅ ናት፣ እኛንም ጉድ ሠርታናለች» አለች። ተሳሳቁ። ተመልሰው ኬሻቸውን አነሡ፣ ተራቸውን ያዙ። እኔም ኮራ ብዬ ተቀመጥኩ።

ዓለሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ነግሮኝ ሲሄድ ነው ዝምታውን ያስተዋልኩት። ወፍጮው ቆሟል አልኩ አይደል? ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም። ያ ሁሉ ሰልፍ የተሰለፈው መብራት እስኪመጣ ነበር። መብራት ሳይኖር አምፕሊፋየር አይጮህም። ይሄን ጋሽ ሰይድ አጠገብ የኖረች ሴት አጥታው አይደለም። እኔ ግን በዚያ ቅጽበት ረሳሁት፤ ጋሽ ሰይድ መንገድ ላይ ወድቀው ሳለ እኔ «ልጄ ናት» እያልኩ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ተቀበሩ፣ እንደ ሃይማኖታቸው ሥርዓት ሳይውሉ ሳያድሩ። ለቅሶ ስደርስ ባለቤታቸው እጄን ይዘው፣ «ጠዋት ሲወጣ ጃንጥላውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። አብሬያቸው ተቀመጥኩ፣ የደሳለኝንም ያን ቀን አለቀስኩ። ወፍጮ ቤት ያደረግኩትን ግን አልነገርኳቸውም። ዛሬ ነው የምናገረው።

መቅደስ ለጊዜው አቆመች። ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ሳጥኑ ሳሎናችን ጥግ ላይ ነው፣ ሁለቱ ቀይ ነጥቦች አልደበዘዙም። ልሽጠው ስትለኝ አይሆንም ያልኳት እኔ ነኝ፣ ትንሹን ይምረጡላት ብዬ የለመንኩት እኔው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጓሮ በርበሬ ሳሰጣ ድም አለ። ቆምኩ። አልተኛሁም፣ ፈገግም አላልኩም፤ በጆሮዬ ማመን ትቻለሁ። ሮጬ ገባሁና እጄን ሳጥኑ ላይ አደረግኩ።

ሳጥኑ ቀዝቃዛ ነው። ምንም አይልም።

መቅደስ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ጊታሩ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። መጥታ እጇን እጄ ላይ ደረበች። ደግሞ ድም አለ፣ አሁን ቀረብ ብሎ። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ቁጭ አልን። እጃችንን ግን ከሳጥኑ አላነሣንም።